ማንም የማይልከኝ ዕድሜ

ልጅ ሆኜ ትልቅ ሰው መሆን ማለት አለመላክ ነበር። በቃ። ደሴ ውስጥ እንደኔ የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ይገባዋል። ጨዋታው ሲደምቅ «ና፣ ሽንኩርት ገዝተህ ና» ይባላል። መልሱን ሰጥተህ ሳትቀመጥ «ይህን ለእትዬ አድርስ» ይመጣል። ማታ እንግዳ ካለ ማስታጠቢያውን ይዘህ ከትልቁ ጀምረህ እጅ ታስታጥባለህ። ትልቅ ሰው ግን ተቀምጦ ያዛል። መቼ እንደሚተኛ የሚነግረው የለም። ከኪሱ ብር አውጥቶ የፈለገውን ይገዛል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉን እኔ ነገን የምናፍቀው ለዚህ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያጓጓኝ የትልልቆቹ ወሬ ነው። ቁም ነገር ሲጀመር «ልጆች፣ እስኪ ወጣ በሉ» እንባላለን። ወጥተን በሩ ላይ ጆሯችንን እንለጥፋለን። ውስጥ የሚወራው ትልቅ ምሥጢር ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬ ሲደርስ ለኔም ይነገረኛል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉን አውቃለሁ፣ ምንም አልፈራም ብዬ አምን ነበር።

ሕጉ 18 ዓመት የሞላውን ሰው ለአካለ መጠን የደረሰ ይለዋል። 18 ሞላኝ። ተመርቄ ሥራ ያዝኩ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራየሁ። የሚልከኝ ሰው በእርግጥ ጠፋ። ሽንኩርቱን የምገዛው ግን አሁንም እኔው ነኝ፤ የመብራቱም፣ የውኃውም፣ የኪራዩም ነገር በኔ ላይ ነው። ምሥጢሩንም የነገረኝ የለም። ስለዚህ ትልቅነትን እንደ ማንኛውም ሙያ ከሥሩ ለመማር ወሰንኩ። ደብተር ገዝቼ የማልችለውን ሁሉ ጻፍኩ፤ አንድ በአንድ እየያዝኩት ነው። ብዙ እኩዮቼ ይህን ትግል ብቻቸውን እንደያዙት ስለማይ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የጀመርኩት ከጓዳ ነው። እኛ ቤት ወንድ ልጅ ወደ ጓዳ ብቅ ሲል ይባረር ነበር፤ እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር አጠገቡ ቆሜ አይቼ አላውቅም። የጤፍ ዱቄቱን፣ ውኃውን፣ እርሾውን፣ ሁለት ሦስት ቀን ማቡካቱን፣ በክረምት ደግሞ ትንሽ እንደሚዘገይ ከቪዲዮ አገኘሁት። ቪዲዮው ያልሰጠኝ አብሲቱን ነው። አብሲት ከቦካው ሊጥ ትንሽ ተቀንሶ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ እሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል። በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ሊጡ እንደገና ኩፍ ሲል ይጋገራል። ምን ያህል ይወፍር? ይህን ምንም ያህል ብታዩ በዓይን ብቻ አይገባችሁም።

ከታች ቤት ያሉ እናት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ አንድ ቅዳሜ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ማማሰያውን ከአብሲቱ አንስተው ጀርባውን አሳዩኝ። «እንዲህ ሲለብስልህ ይበቃዋል» አሉኝ። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስን። ሊጡን ከዳር ጀምሬ እያዞርኩ ወደ መሃል አፈሰስኩ። ዓይኖቹ ተራ በተራ ቦግ ቦግ ብለው ሲከፈቱ «አሁን ክደን» አሉ። ያንን እንጀራ ለሁለት ቆርሰን በበርበሬ በላነው። ሲሄዱ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፦ «እኔስ ብትሆን ከእናቴ መቼ ተማርኩ? ስዳር ነው ጎረቤት ያስተማረኝ።» እኒህ ሴት ሲወለዱ ጀምሮ የሚችሉ ይመስሉኝ ነበር።

የገንዘቡን ነገር ፈጠን ብዬ ልለፈው፤ አንዴ ካወቁት አያስቸግርም። በግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆናችሁ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ወረቀታችሁን እዩ። አዲስ አበባ ተከራይታችሁ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አንብቡት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ዕቁብ መግባት የምትፈልጉ ደግሞ ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ከወዲሁ አስቡ። ዕጣው ቶሎ ከወጣላችሁ ሰብሳቢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው፤ ትክክልም ነው።

ይበልጥ ያስተማረኝ ዕድር ነው፤ እኛ ወሎ ቅሬ የምንለው። ዕድር የሽማግሌ ነገር ነው ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ እባካችሁ ግቡ። እኔ ከመመዝገቤ በፊት የገባኝ በወር መዋጮ መክፈል ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት ስልክ ተደወለ። ከሕንፃችን ጀርባ ያሉ አባት አርፈዋል። ወጣቶቹ ድንኳን ተሸክመን ወጣን። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም። አንዱ ምሰሶውን ያቆማል፣ አንዱ ካስማ ይመታል፣ አንዱ ገመድ ይወጥራል፤ እኔም የተወጠረውን ገመድ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ ሰሃንና ብርጭቆ በቁጥር። ሳይነጋ ለቅሶ ቤቱ ተዘጋጀ።

ለቅሶ መግባት ሁልጊዜ ያስጨንቀኝ ነበር። ምን ይባላል? ትልልቆቹ የሚያጽናና ቃል በቃላቸው የያዙ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ይላል፣ ይቀመጣል። ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ንፍሮ ይቀርባል፣ ሻይ ይዞራል፣ ማታ ካርታ የሚጫወት አለ። የሟች ልጅ በኋላ ያመሰገነችኝ አጠገባቸው ስላመሸሁ ነው። ምንም አልተናገርኩም ነበር።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ለበዓል ደሴ ሄድኩ። ከምሳ በኋላ የእህቴን ልጆች «እስኪ ወጣ በሉ» አሏቸው። እኔም ልነሳ ስል አጎቴ «አንተ ተቀመጥ» አለኝ። ወሬው ስለ አያቴ ሕክምና ነበር። አዲስ አበባ ትምጣ ወይስ እዚሁ ትታከም? ማን ያስታምም? ገንዘቡን ማን ስንት ያዋጣ? አንዱ «ምን ይሻላል?» ይላል፣ ሌላው «እኔ እንጃ፣ አንቺስ?» ይላል። ልጅ ሆኜ ጅብ የማይፈራ የሚመስለኝ አጎቴ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ወደኔ ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ።

ያን ዕለት የተሰማኝን በደንብ ልንገራችሁ። አልተከፋሁም። እነዚያ ሁሉ ዓመታት ከበሩ ኋላ የነበረው ይሄው ነው፤ ሰዎች እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር። የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚቀር ግን የለም፣ ሁሉም ተቀምጦ ይመክራል። እኔ ብቻዬን ተደናግሬ የቀረሁ ሲመስለኝ ኖሬ፣ ለካ ጥያቄዬን ይዤ የምቀመጥበት ክፍል ነው የጎደለኝ። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ አዲስ ነገር ስጽፍ ከጎኑ አንድ ስም እጽፋለሁ፤ ማንን እንደምጠይቅ። በፊት መጀመሪያ ስልኬን ነበር የምከፍተው። አሁን መጀመሪያ ሰው ጋ እሄዳለሁ፣ ከዚያ አነባለሁ። ትምህርቱ በጣም የፈጠነልኝ በዚህ ነው።

አያቴ እዚሁ አዲስ አበባ ታክማ ተመልሳለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያስታመምናት እኔና አክስቴ ነን።

አሁን የያዝኩት የዕድሩን መዝገብ ነው። የጸሐፊው ዓይን ስለደከመ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ አጠገባቸው ተቀምጬ እጽፍላቸዋለሁ። ስሌቱ አያስቸግርም። የሚከብደው ክፍያ ያቋረጠን ሰው ሳያሳፍሩ ማስታወስ ነው። እሳቸው ሰውየውን በመጀመሪያ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል፤ እሱን እየተማርኩ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ከሁለት ትልልቅ ሰዎች ጋር ሽምግልና ሂድልኝ ብሎኛል። ማን ቀድሞ እንደሚናገርና ቁጭ በሉ እስክንባል ቆመን እንደምንጠብቅ ነግረውኛል። የሄዳችሁበት ካላችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ። የልጅቷ ቤተሰብ ሁለተኛ ቀጠሮ ሲሰጥ፣ ልጁ ጋ ተመልሳችሁ ምን ነበር የምትሉት?