ኪልት የክት ልብስ ነው

የባለቤቴ ወገኖች ስኮትላንዳውያን ናቸው። ከሠርጋችን በፊት አማቴ በልኬ ያሰፉትን ኪልት፣ ማለትም የስኮትላንድ ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት የሚለብሱትን ሽንሽን ጉርድ ሲሰጡኝ፣ በክብር ቦታ ሁሉ እንድለብሰው አደራ አሉኝ። ስምንት ያርድ ያህል፣ ማለትም ከሰባት ሜትር የሚበልጥ የሱፍ ጨርቅ ከኋላ ተሸንሽኖ የተሰፋ በመሆኑ ክብደቱ ብቻውን ሰውን ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያደርገዋል። እኔም ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለእራት ግብዣ ስለብሰው ኖሬ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከስኮትላንድ ውጭ በሚገኝ አንድ የቆየ ክበብ በር ላይ እንዳልገባ ተከልክዬ ተመለስኩ።

የክበቡ ደንብ ወንዶች ኮት፣ ክራባትና ረጅም ሱሪ እንዲለብሱ ያዝዛል። ኮትም ክራባትም ነበረኝ፤ ሱሪ ግን አልነበረኝም። በረኛው ኀላፊውን ጠራ፤ ኀላፊውም ደንቡን በትሕትና አነበበልኝ። ወደ ማረፊያዬ ሄጄ፣ ልብስ ቀይሬ ስመለስ የመጀመሪያው ምግብ ተነሥቶ ነበር። ሁለቱንም ሰዎች አልተቀየምኳቸውም፤ የታዘዙትን ነው ያስከበሩት። ቅሬታዬ ደንቡን በጻፈው ሰው ላይ ነው። «ረጅም ሱሪ» የሚለው ቃል የገባው በቁምጣ የሚመጣውን እንግዳ ለመከልከል እንደሆነ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ኪልትንም ከቁምጣው ጋር አብሮ ጠረገው። ለክብር የተሰፋ ልብስ እንደ ንቀት ሲቆጠር ማየት ያሳዝናል።

ያዘንኩበት ምክንያት የልብሱን ታሪክ ስለማውቅ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1746 ጃኮባይቶች፣ ማለትም የስቱዋርትን ንጉሣዊ ቤት ወደ ዙፋን ለመመለስ ያመፁት ሰዎች፣ በከሎደን ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ የብሪታንያ ፓርላማ ባወጣው ሕግ፣ በስኮትላንድ ከሠራዊቱ አባላት በቀር ማንም ወንድ ሃይላንድ የሚባለውን የስኮትላንድ ደጋ ሕዝብ ልብስ፣ ኪልትንም ጭምር፣ እንዳይለብስ ተከለከለ፤ ሕጉን የጣሰ ስድስት ወር ይታሰራል፣ የደገመ ደግሞ ለሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በ1822፣ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኙ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባሰናዱት አቀባበል ላይ ንጉሡ ራሳቸው ኪልት ለብሰው ታዩ። ዛሬ ለንደን ውስጥ በሚካሄደው ሮያል ካሌዶኒያን ቦል ላይ የደጋው የምሽት ልብስ ከጅራታም ኮትና ከነጭ ክራባት እኩል ይቆማል። በስኮትላንድም ብዙ የጥሪ ካርዶች «ብላክ ታይ ወይም የሃይላንድ ልብስ» ብለው በግልጽ ይጽፋሉ፤ ብላክ ታይ ጥቁር የቢራቢሮ ክራባት የሚታሰርበት የምሽት የክብር ልብስ ነው።

ሆኖም ኪልት በመልበስ ብቻ የደንቡ ግዴታ ተፈጽሟል የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ በዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። የክብሩን ደረጃ የሚወስነው አብሮት የሚለበሰው ነው፤ ያው ኪልት ከሹራብና ከወፍራም ጫማ ጋር የተራራ መንገደኛ ልብስ ይሆናል። ለብላክ ታይ የሚገባው ፕሪንስ ቻርሊ የሚባለው አጭር ጥቁር ኮት ነው፤ የብር ቁልፎች አሉት፣ ፊቱ ክፍት ሆኖ ይለበሳል፣ ከሥሩም ሦስት ቁልፍ ያለው ሰደርያና ጥቁር የቢራቢሮ ክራባት ይከተላሉ። በቀን ለሚደረግ ሥነ ሥርዓት ግን አርጋይል የተባለው ኮት ከተራ ክራባት ጋር ይበቃል። ከፊት የሚንጠለጠለው ከረጢት፣ ስፖራን፣ ለቀን ተራ ቆዳ ሲሆን ለምሽት ከጸጉራም ቆዳ የተሠራና አፉ በብር የተለበጠ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኮቱን በብዙ ገንዘብ ይገዛና የቀኑን ከረጢት አንጠልጥሎ ይመጣል። ሰደርያ ያደረገ ሰው ቀበቶ አያስፈልገውም። የኪልቱ መርፌ ቁልፍ ደግሞ የሚሰካው ከፊት ከሚደራረቡት ሁለት ጨርቆች በላይኛው ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ከወጋ ጨርቁን ይቀድዳል፣ አወራረዱንም ያበላሻል።

የኪልቱ ጠርዝ የጉልበትን መካከል ሊያልፍ አይገባም፤ ከኪራይ ቤት የመጣ ኪልት ከሩቅ የሚለየው ወደ ባት ስለሚወርድ ነው። ሲቀመጡም ሽንሽኑን ከኋላ በእጅ አስተካክሎ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ይህን አማቴ ወንበር አስቀርበው ደጋግመው አለማመዱኝ። ታርታኑን፣ ማለትም የኪልቱን ጨርቅ ባለ መስመር ንድፍ በተመለከተ፣ የጎሣ ስም የሌለውን ሰው የሚከለክል ሕግ የለም፤ እንደ ብላክ ዎች ያለ ማንም የሚለብሰው አለ፣ የወረዳና የከተማ ታርታንም አለ። ባልሞራል የተባለው ግን ለንጉሣዊው ቤተሰብ የተጠበቀ ነውና አይነካም።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ያልለመድኩት ቦታ ስጠራ አስቀድሜ እጽፋለሁ። አጠያየቁ ለውጥ እንደሚያመጣም አይቻለሁ። «ኪልት መልበስ ይቻላል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ፣ መልስ የሚሰጠው ሰው የሚያስበው በስፖርት ሜዳ ያየውን ደጋፊ ነው። «ከብላክ ታይ ጋር እኩል የሆነውን የሃይላንድ የምሽት ልብስ፣ ከፕሪንስ ቻርሊ ኮትና ከቢራቢሮ ክራባት ጋር ለብሼ ልመጣ ነው» ብዬ ስጽፍ ግን አንድም ቀን እምቢ ተብዬ አላውቅም። መልሱንም ስልኬ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው መልሱን ከጻፈው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላልና።

አስቀድሜ በምልከው ጽሑፍ ውስጥ «ስኪያን ዱ» ስለሚባለውም እጠይቃለሁ። በካልሲ ጠርዝ የሚሰካው ይህ ትንሽ ቢላዋ የልብሱ አካል ነው፤ የብሪታንያም ሕግ የአገር ባህል ልብስ አካል ሆኖ የሚያዝ ቢላዋን ከክልከላው ነጥሎ ያየዋል። ነገር ግን ፍተሻ ያለበት አዳራሽ የራሱን ደንብ ሊያወጣ ይችላል፤ በአውሮፕላንም ከመንገደኛው ጋር ወደ ውስጥ አይገባም። ጥርጣሬ ካለኝ ቤት እተወዋለሁ፤ ያለ እርሱ ልብሱ አይጎድልም።

አሁን ከፊቴ ያለው ጥሪ «ዋይት ታይ» ይላል፤ ይህ ጅራታም ኮትና ነጭ ክራባት የሚለበስበት ደረጃ ስለሆነ ከእስካሁኑ የከበደ ነው። ፕሪንስ ቻርሊ ለዚህ ደረጃ አይበቃም። የሚያስፈልገው ደብሌት የሚባለው እስከ አንገት የሚዘጋ ኮት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከከፋይ ይሰፋል፣ በአንገቱ ላይም ጃቦ የሚባል የዳንቴል ጌጥ ይወርዳል። ለአንድ ምሽት ብሎ ማሰፋት ስለማይመች ኮቱን ተከራይቼ ኪልቱን የራሴን እለብሳለሁ። ለአዘጋጆቹም ጽፌያለሁ፤ እንድመጣ ፈቅደው፣ ቢላዋውን ብቻ እንድተው ጠይቀውኛል።