አልቅት ለሕክምና፦ የት ይጠቅማል፣ የት ይጎዳል?

ተቆርጦ የተሰፋ ጣት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ደም ገብቶበት መውጫ ሲያጣ ነው። ደም መልሱ (ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር) ስስ ስለሆነ ለመስፋት ያስቸግራል፣ ቶሎም ይደፈናል። ጣቱ አብጦ ይጠቁራል፤ በመርፌ ሲነካ ጥቁር ደም ይፈስሳል። አልቅት የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ጣቱ ነጭና ቀዝቃዛ ከሆነ ግን የተዘጋው ደም ቅዳው (ደሙን ወደ ጣቱ የሚያመጣው ሥር) ነውና ጊዜ ሳይባክን ቀዶ ሐኪሙ ይጠራ።

አንድ አልቅት ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ደም ይጠጣል፤ ሲጠግብ በራሱ ይወድቃል። ትልቁ ጥቅም ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምራቁ ውስጥ ያለው ሂሩዲን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ቁስሉ ለሰዓታት ያዣል፤ አዳዲስ ጥቃቅን ደም ሥሮች እስኪያድጉ ድረስም ለጥቂት ቀናት መተንፈሻ ይሰጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2004 እ.ኤ.አ. እንደ ሕክምና መሣሪያ የፈቀደውም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ቆዳው ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ፤ አልኮል ወይም ሽቶ ከሸተተው አይነክስም። መሃሉ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል የተቀደደ እርጥብ ጎዝ ዙሪያውን ይሸፍን፣ አለዚያ ቁስሉ ውስጥ ሾልኮ ይገባል። እምቢ ካለ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እስኪወድቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ጨው መነስነስና መጎተት ፈጽሞ አይገባም፦ ጨው ያስመልሰዋል፣ ሲጎተት ደግሞ መንጋጋው ቆዳ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ማስመለሱ የሚያስፈራው አንጀቱ ውስጥ ኤሮሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ስላለ ነው። ይህ ባክቴሪያ የዳነውን ጣት መልሶ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ አንቲባዮቲክ የሚጀመረው ከመጀመሪያው አልቅት በፊት ነው። አሞክሲሲሊን አይሠራበትም፤ የተለመዱት ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ኮትሪሞክሳዞል ናቸው። ሲፕሮፍሎክሳሲንን የተላመደ ዝርያም ስለተገኘ ቁስሉ ከመገለ ምርመራ ይላክ።

ሁለተኛው አደጋ የደም ማነስ ነው። ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) በየጥቂት ሰዓቱ ይለካ፣ የሚሰጥ ደምም ይዘጋጅ። ሄሞፊሊያ (ደም በቀላሉ ያለመርጋት በሽታ) ላለበት፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ለሚወስድና የበሽታ መከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው አልቅት አልመክርም። የወደቀው አልቅት በ70 ፐርሰንት አልኮል ተገድሎ እንደ ተበከለ ቆሻሻ ይወገድ፤ ለሌላ ሰው ማዋል ሄፓታይተስና ኤችአይቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ከምንጭና ከኩሬ ውሃ ጋር ገብቶ ከብትና ሰው ጉሮሮ ላይ የሚጣበቀው የአገራችን አልቅት ሌላ ዝርያ ነው። መንጋጋው ደካማ ስለሆነ የሰው ቆዳ አይበሳም፤ አፍና አፍንጫ ውስጥ ግን ይይዛል። እሱን ይዞ ሕክምና መሞከር ጥቅም የለውም፤ ጉሮሮ ውስጥ ከገባ ደግሞ ትንፋሽ ሊዘጋ ስለሚችል በሐኪም ይውጣ።