አፌ አልሰጥም ሲል

የዘብ ትዕዛዛችን ዘጠኝ ነበር። በአንድ ገጽ ተታይፖ ዘብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የጂማ እርጥበት ደግሞ ለወረቀት አያዝንም፤ ስድስተኛውን ሻጋታ ስለበላው እሱን የተማርነው ከአፍ ወደ አፍ ነው። 2001 ዓ.ም. ነበር።

እኔ ዘጠኙንም በሁለት ቀን ጨረስኩ። ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ስለደገምኩ ሽምደዳ አያስፈራኝም። እንደውም ሳላስበው ዜማ ሰጥቼው ነበር መሰለኝ፣ ሃምሳ አለቃችን "ቅዳሴ አይደለም፣ ቀጥ አድርገህ በለው" ይሉኝ ነበር። ቢሆንም ወደዱኝ። ላልቻሉት አስጠኚ አደረጉኝ።

ካልቻሉት አንዱ አልጋ ጎረቤቴ ነው። አማርኛው ገና ነበር፣ ትዕግሥቱ ደግሞ ከአማርኛው ያነሰ። ማታ ማታ በባትሪ ብርሃን አስቀምጬ እጠይቀዋለሁ።

"አንደኛ፣ ተተኪ ሳይመጣ ቦታዬን አልለቅም። ሁለተኛ፣ አልተኛም። ሦስተኛ..."

"እሺ፣ ሦስተኛ?"

"ሦስተኛ፣ እምቢ እላለሁ። የቀረው ያው እሱው ነው።"

ሳቄ ይመጣል። ለሃምሳ አለቃም ነገርኳቸው። ነገር ሠራሁበት ማለት ነው፣ አሁን ሳስበው።

እንግዲህ አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እኔ ዋናው በር ላይ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጥቅምት ገብቷል፤ ሌላው አገር ጠራርጎ ፀሐይ ይሞቃል፣ ጂማ ግን ገና ክረምቱን አልጨረሰም። ባትሪ አየሁ። "ቁም! ማነህ?" አልኩ። የይለፍ ቃሉን መለሰ። ተረኛ መኮንኑ ነው፤ ከኋላው የዘብ አዛዡ አስር አለቃ። እስከዚህ እንከን የለኝም።

"ትዕዛዝህን ታውቃለህ?"

"አዎ ጌታዬ!"

"በለው እስቲ።"

ጀመርኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደነበር የነገረኝ አስር አለቃው ነው፤ እኔ አላምንም። ስድስተኛውን፣ ያንን ሻጋታ የበላውን ሳይቀር፣ አንድ ቃል ሳልስት አለፍኩ። መኮንኑ ራሱን እየነቀነቀ ቀረብ አለኝ።

"ጎበዝ። ክላሹን አምጣ፣ ዝናብ ገብቶበት እንደሆነ አፈሙዙን ልየው።"

"ሰባተኛ! መሣሪያዬን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም!" እያልኩ ሰጠሁት።

በእውነት እንዲህ ነው የሆነው። አፌ "አልሰጥም" ሲል እጄ ማንገቻውን ከትከሻዬ እያወለቀ ነበር። ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስሉ ነበር። መኮንኑ ካዝናውን ነቀለና ኪሱ ከተተው። ባዶውን ክላሽ መለሰልኝ።

"አሁን ጠላት ቢመጣ በምን ትመታዋለህ? በሰባተኛው ትዕዛዝ?"

ከዚያ ወደ ጓሮው ሄዱ፣ ጎረቤቴ ወደቆመበት። አስር አለቃው እንዳወራልን፣ መኮንኑ ትዕዛዙን በል ሲለው ሁለቱን ብሎ ቆመ። ክላሹን አምጣ ሲለው "አልሰጥም" አለ። "ተረኛ መኮንን ነኝ እኮ!" "አውቃለሁ ጌታዬ። አስር አለቃ ይንገረኝ።" አስር አለቃው ዝም። እሱም ዝም። ዝናቡ ብቻ ያወራል። በመጨረሻ መኮንኑ ራሱ ተወውና ሄደ።

ጠዋት ሰልፍ ላይ ሃምሳ አለቃ ከፊት አስወጡኝ። "ይሄ ልጅ አፉ ዘብ ቆሟል" አሉ። "እጁ ግን እጅ ሰጥቷል።" ሻምበሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ ዝም አላልኩም። አራተኛው ትዕዛዝ "ከተረኛ መኮንንና ከዘብ አዛዡ የሚሰጠኝን ትዕዛዝ ያለማንገራገር እፈጽማለሁ" ይላል። ሰባተኛው አትስጥ ይላል። ታዲያ ሁለቱ ቢጋጩስ?

"ቢጋጩስ ጌታዬ?" አልኩ።

ሃምሳ አለቃ አልተቆጡም። ፈገግ አሉ፣ እሱ ነው የባሰው።

"ዘጠነኛው ምን ይላል?"

"ዘጠነኛ! በዚህ ትዕዛዝ ያልተገለጸ ነገር ሲያጋጥመኝ የዘብ አዛዡን እጠይቃለሁ!"

ያለ እንከን ነው ያልኩት። በዜማ። የዘብ አዛዡ ደግሞ ያኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። የሰልፉን ሳቅ እስከ አዌቱ ወንዝ ሳይሰሙት አልቀሩም።

አንድ ሳምንት ሽንት ቤት አጠብኩ። ጎረቤቴ የሦስት ቀን ፈቃድ አገኘ። ስምም ወጣልን። አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው፤ የጂማ ሰው ያውቀዋል፣ እኛም እዚያ ሰንብተን "አባ" ማለት ለምደናል። እሱ "አባ እምቢ" ሆነ፣ እኔ "አባ ስጦታ"።

በኋላ አንድ ቦታ እንዳነበብኩት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዘብ 11 ትዕዛዝ ነው የሚሸመድደው። ምድር ጦራቸው ግን 3 ብቻ። ሦስተኛው ታዲያ የኛው ዘጠነኛ ነው ማለት ይቻላል፤ መመሪያህ ውስጥ የሌለ ነገር ሲመጣ ለአለቃህ አሳውቅ ይላል። ለአባ እምቢ ደውዬ ነገርኩት። "ሦስት ይበቃል ስልህ አልነበር?" ብሎ ዘጋው።

አሁን እዚያው ጂማ ቡና መጋዘን ውስጥ የጥበቃ ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ጥር ሃምሳ አለቃን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። ቡና ልጋብዝዎ ብዬ አንዲት ጀበና ቡና ቤት ተቀመጥን። ያችን ሌሊት አንስቼ አጫወትኳቸው። አላስታወሷትም! እኔ ስንት ዓመት የተሸከምኳትን።

"ትዕዛዙንስ ያስታውሱታል?" አልኳቸው።

"እሱን ብረሳማ ሞቻለሁ ማለት ነው!" አሉና ስኒውን አስቀምጠው፣ ቀጥ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንደኛ። ሁለተኛ። የሻጋታውንም ስድስተኛ አልዘለሉም። ቡና የምታፈላው ልጅ እጣኑን ትታ ታዳምጣለች።

"እስቲ ከዘራዎን ልየው፣ የወይራ ነው?" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"ሰባተኛ! መሣሪያዬን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም!" አሉና ሰጡኝ።

አላቋረጥኳቸውም። ከዘራውን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ እስከ ዘጠነኛው ጠበቅኳቸው።