ነፋስና ልምላሜ፦ በኢዮኒያ ደሴቶች አንድ ሳምንት በሸራ ጀልባ

የግሪክ ደሴቶች ሲነሡ አብዛኞቻችን የምናስበው በኖራ የነጣ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላትና ዛፍ የማይታይበት ድንጋያማ ኮረብታ ነው። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በምሥራቅ በኩል ያሉት የኤጅያን ባሕር ደሴቶች ሥዕል ነው። ባለፈው ሰኔ እኔና ባለቤቴ ከሁለት ወዳጆቻችን ጋር የጎበኘናቸው፣ በምዕራቡ ዳርቻ የሚገኙት የኢዮኒያ ደሴቶች ግን ከተራራው አናት እስከ ባሕሩ ጠርዝ አረንጓዴ ለብሰው የሚታዩ ናቸው።

ዋናዎቹ ሰባት ስለሆኑ ግሪኮች «ኤፕታኒሳ»፣ ማለትም ሰባቱ ደሴቶች፣ ይሏቸዋል፤ እነርሱም ኮርፉ፣ ፓክሲ፣ ሌፍካዳ፣ ኢታካ፣ ኬፋሎኒያ፣ ዛኪንቶስና ከሌሎቹ ርቃ በደቡብ የምትገኘው ኪቲራ ናቸው። ልምላሜያቸው የክረምቱ፣ ማለትም በዚያ አገር የብርዱ ወቅት፣ ዝናብ ውጤት ነው። ከምዕራብ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው አየር ከደሴቶቹ ተራሮችና ከኋላቸው ከተዘረጋው የፒንዶስ ሰንሰለት ጋር ሲጋፈጥ ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ የያዘውንም ውኃ በዚያው ያራግፋል። በዚህ ምክንያት ኮርፉ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ ከተራራው ማዶ ያለችው አቴንስ የዚህን ግማሽ እንኳ አታገኝም። በወይራው ብዛት ላይ ግን የሰው እጅም አለበት፤ ደሴቶቹን ለዘመናት የገዙት ቬኒሳውያን ዘይቱን አጥብቀው ይፈልጉ ስለነበር ወይራ ለሚተክል ገበሬ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር።

ጉዟችንን የጀመርነው ከሌፍካዳ ነው። ይህችን ደሴት ከየብስ የሚለያት ቆሮንቶሳውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዘመን መቆፈር የጀመሩት ጠባብ ቦይ ብቻ በመሆኑ፣ ለጀልባዎች እየተከፈተ በሚዘጋ ተንሳፋፊ ድልድይ አልፎ በመኪና መግባት ይቻላል። የሸራ ጀልባን ብቻውን ለመከራየት የመንዳት ብቃት ማረጋገጫ ስለሚጠየቅና ከመካከላችን ይህ ያለው ሰው ስላልነበረ፣ ጀልባዋን ከነካፒቴኑ ተከራየን። ካፒቴናችን ጸጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ግሪካዊ ነበሩ፤ በመጀመሪያው ጠዋት ሸራው መቼ እንደሚወጣ ስንጠይቃቸው ሰዓታቸውን ሳይሆን የተራራውን አናት ተመልክተው «ገና ነው» አሉን።

ነገሩ በኋላ ገባን። በበጋ፣ በሙቀቱ ወራት፣ የኢዮኒያ ባሕር ጠዋት ጠዋት እንደ ዘይት የተኛ ነው። ወደ ቀትር ገደማ፣ የብሱ ሲግል፣ በአካባቢው ሰዎች «ማይስትሮ» የሚባለው ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላ ይበረታና ፀሐይ ስትጠልቅ ይተኛል። በኤጅያን ባሕር ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ሊነፍስ እንደሚችለው «ሜልቴሚ» ኃይለኛ ስላልሆነ፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ባሕር ያለ አይመስለኝም። ሜጋኒሲ የተባለችውን ትንሽ ደሴት አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ነፋሱ ከኋላችን በቀኝ በኩል መጣ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ጀልባዋም በትንሹ አዘንብላ፣ ከውኃው መቀደድ በቀር ምንም ድምፅ ሳይሰማ፣ ወደ ኢታካ መገስገስ ጀመረች። ያን የመጀመሪያ ጸጥታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የኢታካዋ ኪዮኒ በመግቢያዋ ሦስት የፈረሱ የነፋስ ወፍጮዎች የቆሙባት ትንሽ የባሕር ሰርጥ ናት። መልህቅ መጣል ያን ያህል ጥበብ የሚጠይቅ መሆኑን የተማርኩት እዚያ ነው። ከላይ ሲታይ ነጣ ያለው የባሕር ወለል አሸዋ ነው፤ ጠቆር ያለው ግን ፖሲዶኒያ የሚባለው የባሕር ሣር ነው። መልህቅ በሣሩ ላይ ሲጣል በደንብ አይነክስም፤ ከዚያም የሚብሰው ዓሦች የሚራቡበትንና ለማደግ ረጅም ዘመን የሚፈጅበትን ሣር ከሥሩ ይነቅላል። ካፒቴናችን ነጭ ቦታ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ ከጎናችን የነበሩት ጀልባዎች ግን ይህን ያህል ሲጠነቀቁ አላየሁም፤ አዘንኩ። እንግዳ ሆኖ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ይህን ሊያውቅ ይገባል እላለሁ።

በማግስቱ ጠባቡን መተላለፊያ አቋርጠን በኬፋሎኒያ ሰሜናዊ ጫፍ ወደምትገኘው ፊስካርዶ ደረስን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1953 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከደሴቲቱ ቤቶች አብዛኞቹን ሲያፈርስ ይህች መንደር በአመዛኙ ተርፋለች፤ በቬኒስ ዘመን ስልት የተሠሩት ባለቀለም ቤቶቿም ዛሬ ድረስ የወደቡን ዳር ከበው ቆመዋል። ጀልባዋን እዚያው አስረን መኪና ተከራየን።

ስለ ሚርቶስ የባሕር ዳርቻ ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ይገባዋል። ከገደሉ አናት ሲታይ ነጭ ጠጠሩ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተዘርግቶ፣ ውኃው ከዳሩ አጠገብ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል፤ ይህም ከኖራ ድንጋዩ እየተፋቀ ወደ ባሕሩ የሚገባው ደቃቅ ዱቄት የሚሰጠው መልክ ነው። ነገር ግን ዳርቻው ፊቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ ያዞረ በመሆኑ ያ እኛን በደስታ ያጓጓዘን ነፋስ እዚህ ከሰዓት በኋላ ከባድ ማዕበል ያነሣል፤ ወለሉም በድንገት ስለሚጠልቅ ልጆች የያዘ ሰው በጠዋት ቢሄድ ይሻለዋል። ለእኔ ግን ከሳሚ ከተማ አቅራቢያ ያለው አንቲሳሞስ በለጠብኝ፤ በዛፍ የተሸፈኑት ኮረብታዎች እስከ ጠጠሩ ድረስ ወርደው ሰርጡን ስለሚያቅፉት፣ እየዋኙ ቀና ሲሉ የሚታየው ሁሉ አረንጓዴ ነው።

በመጨረሻም 1,628 ሜትር ከፍታ ወዳለው የአይኖስ ተራራ ወጣን። ጫፉ አካባቢ ያለው ደን በደሴቲቱ ስም የሚጠራ ጥድ መሰል ዛፍ ደን ሲሆን፣ ቅጠሉ እጅግ ከመጥቆሩ የተነሣ ቬኒሳውያን ስፍራውን «ጥቁር ተራራ» ይሉት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮም ብሔራዊ ፓርክ ነው። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ኢታካ፣ በደቡብ ዛኪንቶስ፣ በሰሜን ደግሞ የተነሣንባት ሌፍካዳ ይታያሉ። በምዕራቡ ገጽ ግን ደመና እየተሳበ ወጥቶ በዛፎቹ መካከል ያልፍ ነበር፤ ቅርንጫፉን ስነካው እጄ ረጠበ። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን የዝናብ ነገር በጣቴ የዳሰስኩት ያን ጊዜ ነው።

ካፒቴናችን ወደ ሰሜን ስንመለስ ማይስትሮው ከፊት ለፊት እንደሚመጣብን ነግረውን ስለነበር ሳይመሽ ወረድን፤ በማግስቱም ጎህ ሲቀድ፣ ባሕሩ ገና እንደተኛ፣ መልህቁን ስበን በሞተር ወደ ሌፍካዳ አቀናን።