ሌላኛዋ «ኪን»

«ኪን» (keen) የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ሥራ ያመለከተ ሁሉ ያውቃታል፣ ከቨር ሌተር ላይ የምንደነቅራት፣ በጣም ጉጉ ነኝ ለማለት። እሷ የድሮ እንግሊዝኛ ናት፣ ጥንት ደፋር ማለት ነበረች። እኔ ማውራት የፈለኩት ግን ስለሌላኛዋ ነው፣ በፊደልም በድምፅም ቁርጥ እሷን መስላ ምንም የማትዛመዳት። ይቺኛዋ ለሞተ ሰው ጮኾ ማልቀስ ናት፣ ማልቀስ ከሚለው የአይሪሽ ግስ መጥታ በ1800ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባች።

ዲክሽነሪ ብትከፍቱ «የሐዘን ጩኸት» ምናምን ብሎ ያልፋታል፣ አሁን አሁን ደሞ ልብ ወለድ ውስጥ ነፋሱም ውሻውም ኪን ያደርጋል። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው፣ እንግሊዝኛ ድምፁን ወስዶ ንግግሩን ጥሎታል።

ድሮ አየርላንድ ገጠር ሰው ሲሞት አስከሬኑ ቤት ተጋድሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ያድር ነበር፣ ከዛ አልቃሿ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ተከፍሏት። ለኛ ሰው ይሄን ማስረዳት አያደክምም፣ ሙሾ አውራጅ ናት በቃ። ሟቹን በስሙ እየጠራች አንተ እያለች ታናግረዋለች፣ ዘሩን ቸርነቱን ታነሳለች፣ ግጥሙን እዛው ትፈጥረዋለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላትና አብሮ ይጮሃል። ማለትም ጩኸቱ አዝማቹ ነው፣ ዋናው ነገር ያለው ግጥሙ ውስጥ ነው፣ ውስጡ ደሞ ሙገሳ ብቻ አይደለም፣ እርግማንም ክስም አለበት።

ለዚህ ለተገደለ ባሏ በግጥም ሙሾ ያወረደችውን አየርላንዳዊቷን አይሊን ኦኮኔልን የሚያህል ምስክር የለም። ባሏ አርት ኦሊሪ ኦስትሪያ ጦር ውስጥ መኮንን የነበረ ፈረሰኛ ነው። በዛን ጊዜ ሕግ ካቶሊክ ከ5 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ፈረስ መያዝ አይፈቀድለትም፣ ሞሪስ የሚባል ባለሥልጣን ፈረስህን በ5 ፓውንድ ሽጥልኝ አለው፣ እሱም እምቢ አለ ይባላል። ብቻ ጠቡ ከሮ ግንቦት 1773 (በፈረንጆቹ ነው) ኮርክ የሚባል የአየርላንድ አውራጃ ውስጥ በጥይት ተገደለ፣ ገና 26 ዓመቱ። ግጥሙ ላይ ፈረሷ ብቻዋን ደም ነክቷት ቤት ትመጣለች፣ አይሊን ሦስት ጊዜ ትዘላለች፣ አንዴ ደፍ ላይ፣ አንዴ በር ላይ፣ ሦስተኛው ፈረሷ ላይ፣ እየጋለበች ሄዳ ስታገኘው ደሙን መጥረግ ትታ በመዳፏ እየዘገነች ጠጣችው። ከዛ ሞሪስን በስሙ ጠርታ ትረግመዋለች! የአርት እህት ደሞ በበኩሏ ተነስታ ሰው ለቅሶ ላይ ሲያድር አንቺ ተኝተሽ ነበር ብላ በግጥም ስትወጋት አይሊንም በግጥም ትመልስላታለች፣ እዛው ሬሳው ፊት። አማችና ምራት የትም ያው ነው።

ይሄ ግጥም በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ ነው የተጻፈው። ልማዱን ግን የካቶሊክ ቄሶች ለዘመናት ሲያወግዙት ኖረው (የኛዎቹስ ፊት መንጨት ደረት መድቃት ተዉ ሲሉ ስንት ዘመናቸው) 20ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ድምፁን መስማት የፈለገ ኪቲ ጋላገር ብሎ ይፈልግ፣ አሜሪካዊው የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ አላን ሎማክስ በ1951 አየርላንድ፣ ዶኒጎል ሄዶ የቀዳት ናት፣ ያው ለመቅረጫ ብላ ያለችው እንጂ ለቅሶ ቤት አይደለም፣ የሚቀበላትም የለም።