ሾጆ አኒሜ አንጀት የሚበላው በምኑ ነው?

በቃና የቱርክ ድራማ ለለመደ ዓይን ሾጆ፣ ማለትም ለታዳጊ ልጃገረዶች ተብሎ የሚሠራው የጃፓን ካርቱን፣ መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላል። ጥፊ የለም፣ ሽጉጥ የለም፣ ተደብቆ ያደገ ልጅ የለም። ሦስተኛው ክፍል ላይ «ታዲያ ምን ሆነ?» ይባልና ከስልክ ይሰረዛል። እዚህ ጅማ ኪሚ ኒ ቶዶኬ የሚባለውን ሾጆ ተከታታይ ለመጀመር ላሰበ ሰው አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሚያስለቅሰው ሳይባል የቀረው ነው፤ እሱን ለመስማት ደግሞ አተያይን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሳዋኮ ረጅም ጥቁር ፀጉር ያላት ዝምተኛ ተማሪ ናት። የክፍሏ ልጆች «ሪንግ» ከሚባለው የጃፓን ሆረር ፊልም መንፈስ ጋር አመሳስለው «ሳዳኮ» ይሏታል፤ ዓይኗን ያየ ይረገማል ተብሎም ይወራባታል። ካዜሃያ ደግሞ ሁሉም የሚወደው ልጅ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ተማሪዎቹ በጨለማ የድፍረት መፈተኛ ጨዋታ ሲያዘጋጁ ሳዋኮ መንፈስ ሆና ለማስፈራራት ራሷ ፈቃደኛ ትሆናለች፤ ለሰው በመጥቀሟም ደስ ይላታል። ሳቁ አፍ ላይ እንዳለ ሆድ የሚባባው እዚህ ጋ ነው።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሾጆ ማንጋ (አኒሜው የተሠራበት የሥዕል መጽሐፍ) የሰውን የውስጥ ሐሳብ ከንግግር አረፋው ውጭ፣ በሥዕሉ ላይ በነፃ ይጽፈዋል። አኒሜው ያንኑ ለሳዋኮ ድምፅ በሆነችው ተዋናይት በማሚኮ ኖቶ ለስላሳ ድምፅ ያስነብበዋል። እኛ ሁሉን እንሰማለን፣ ካዜሃያ አንዱንም አይሰማም፤ ልብ የሚሰቀለው በዚህ ክፍተት ነው። ሌላው መሣሪያ ሥዕሉ ነው። ሳዋኮ ነገሩ ሳይገባት ሲቀር ጭንቅላቷ ትልቅ፣ ሰውነቷ ሚጢጢ ሆኖ ይሣላል። ነገሩ ልቧን ሲነካው ግን በአንዴ ወደ ሙሉ መልኳ ትመለሳለች፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፣ ሙዚቃው ይቆማል። ሳቁ ጋሻችንን አስጥሎናል፣ መከላከያ የለንም።

ለፍቅር የተቀመጠ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች መዝለል ነው። የመጀመሪያው ትልቅ እንባ የጓደኝነት ነው። ሳዋኮን ስለቀረቧት የክፍሏ ልጆች፣ ስለ ያኖና ስለ ዮሺዳ ክፉ ወሬ ይነዛል፣ ያወራችውም ሳዋኮ ናት ይባላል። እሷም እነሱን ላለመጉዳት ብላ ትርቃቸዋለች፤ ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲታሙ ስትሰማ ብቻዋን ትጋፈጣለች። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ለካዜሃያ አንድ ቃል ማውጣት ለምን ተራራ እንደሚሆንባት አይገባውም። ወሬውን የነዛችው እሷም ካዜሃያን የምትወደው ኩሩሚ ናት። እኛ የለመድነው ድራማ ቢሆን መጨረሻዋ ውርደት ይሆን ነበር፤ እዚህ ግን እሷም ፍቅሯን ትገልጻለች፣ እንቢ ትባላለች፣ ተመልካቹም ለእሷ ያለቅሳል። በእኔ ሚዛን ከተከታታዩ ሁሉ ደፋሩ ውሳኔ ይኼ ነው።

ጥቂት የጃፓን ልማድ ማወቅ ግድ ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ በፌብሩዋሪ 14 (የፍቅረኞች ቀን)፣ ቸኮሌት የምትሰጠው ሴቷ ናት፤ ለክፍል ልጆችና ለሥራ ባልደረባ ለወግ የሚሰጥ አለ፣ ለሚወዱት ብቻ የሚሰጥም አለ። በሁለተኛው ሲዝን መጀመሪያ ሳዋኮ ለሌሎች በቀላሉ ታድላለች፣ የካዜሃያ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ይቀራል። ልማዱን ያላወቀ ሰው እንደረሳች ያስባል፤ ያወቀው ግን እጇ የታሰረው ስጦታው ራሱ «እወድሃለሁ» ስለሚሆን መሆኑን ያያል። የትምህርት ዘመናቸው የሚከፈተውም በኤፕሪል ነው። በዚያ ሰሞን የሚፈካው የቼሪ አበባ ለእነሱ የሚለው አደይ አበባ መስከረም ላይ ለእኛ የሚለውን ነው።

ሁለተኛው ሲዝን መሐል ላይ ይጎትታል፤ ይህን አልክድም። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈታ አለመግባባት በርካታ ክፍሎችን ይበላል። ያም ሆኖ አፍጥኖ ማየት መፍትሔ አይሆንም፤ በ1.5 ፍጥነት ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠፋው ዝምታው ነው።

ወደ ፋይሉ እንምጣ። የመጀመሪያው ሲዝን (በፈረንጆች 2009–2010) 25 ክፍል ነው። ሁለተኛው (2011) 12 ነው፤ ነገር ግን ከፊቱ «0» የሚል የማስታወሻ ክፍል ስላለ በፍላሽ ሲገለበጥ ቁጥሩ በአንድ ይዛነፋል። 13 ፋይል ካገኛችሁ ትርፉ እሱ ነው። ሦስተኛው በ2024 በኔትፍሊክስ የወጣ 5 ረጃጅም ክፍል ነው። ምስሉ ጥሩ ነው ተብሎ ከእሱ አይጀመርም፤ ሁለቱ ጥንድ ከሆኑ በኋላ ያለውን ነው የሚያሳየው።

ሰብታይትሉ ካልታየ ብዙ ጊዜ ችግሩ የስልኩ ማጫወቻ ነው፤ በቪኤልሲ ይከፈት። ከ«ኤስአርቲ» ይልቅ «ኤኤስኤስ» የሚባለው የሰብታይትል ፋይል ዓይነት ይመረጣል፣ የሐሳቡንና የንግግሩን ጽሑፍ በተለያየ መልክና ቦታ ማስቀመጥ ስለሚችል። «ይህን ተናገረችው ወይስ አሰበችው?» የሚለው ግራ መጋባት የሚመጣው ሁለቱ በአንድ መልክ ሲጻፉ ነው፤ በሾጆ ደግሞ ልዩነቱ ሁሉ ነገር ነው። ኢርፎን የግድ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሳዋኮ ሹክሹክታ በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሰማም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሰዓትም አይከፈት፤ «ይቺ ልጅ ለምን አትነግረውም?» የሚል ሰው አይጠፋም።

ይህን ጨርሶ ሌላ ለሚፈልግ ፍሩትስ ባስኬት አለ። የ2001ዱ 26 ክፍል ማንጋው ሳያልቅ ስለተሠራ ታሪኩን አይቋጭም፤ ከ2019 እስከ 2021 የወጣውን 63 ክፍል ውሰዱ። ስታስገለብጡ ዓመቱን መጥራት አትርሱ፣ በስሙ ብቻ ከጠየቃችሁ የትኛው እንደሚደርሳችሁ አይታወቅም።