ነፋስ የሌለበት ከተማ

ወደ ጅማ ስሳፈር ለአንዲት ሻንጣ 200 ብር ክፈል ተባልኩ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሁለት ጆንያ አስጭኖ የከፈለው 100 ብር ነው። ረዳቱን ስጠይቀው "እሱ ደንበኛ ነው" አለኝ። ደሜ ፈላ። ነገሩን ያበረዱት ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ናቸው። ረዳቱን ጠርተው በኦሮምኛ ሁለት ቃል ተናገሩት። ምንም ሳይል 100 ብሬን መለሰልኝ።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶንና ወልቂጤን እንቅልፍ በላቸው። የነቃሁት የጊቤ በረሃ ሙቀት ሲመታኝ ነው።

"ከየት ነህ ልጄ?" አሉኝ አዛውንቱ።

"ከአዳማ።"

"ነፋሱ መብራት የሚሠራበት አገር?"

አዎ፣ እሱ ነው። አዳማ ላይ በጋ ሲገባ ነፋሱ የበር መጋረጃ ይገነጥላል፣ አቧራውን ከወጥ ጋር ያበላል። በዚህ ነፋስ መጀመሪያ 34፣ ቀጥሎ 102 ተርባይኖች ተተከሉ። የመጀመሪያው ጣቢያ በ2004፣ ሁለተኛው በ2007 ተመረቀ። እያንዳንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት ስለሆነ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ነው። ነፋሱ ሁልጊዜ ስለማይነፍስ ይህ ሁሉ ሁሌ አይገኝም። ግን የሚበረታው በበጋ፣ የግድቦች ውሃ በሚቀንስበት ጊዜ ነው። ይሄ ነገር ሁሌ ደስ ይለኛል። ክረምት ላይ ውሃው ይሠራል፣ በጋ ላይ ነፋሱ ያግዘዋል።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ሰኮሩን አልፈን የጊልገል ጊቤ ሐይቅ ብቅ ሲል ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ።

"እዚያ ጋ፣ ውሃው ሥር፣ የኔ ማሳ ነበር።"

ግድቡ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ሥራ የጀመረው በ1996 ነው። ውሃው ከዚያ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወርዶ በሁለተኛው ጣቢያ 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ይህን ቁጥር ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እኮራበታለሁም። ማሳው የሰመጠበት ሰው አጠገብ ተቀምጬ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ካሳውን በገንዘብ ነው የተቀበሉት። "ገንዘብ አታርሰውም" አሉኝ። ዛሬ ጅማ ዳር ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ።

"ነፋሱስ መሬት አያሰምጥም?"

አያሰምጥም። ጤፉ እስከ ምሰሶው እግር ድረስ ይዘራል፣ ከብቱም ጥላው ላይ ይተኛል። ግን የአጎቴን ነገር አልደበቅኳቸውም። ለተርባይኑ ተብሎ የተጠረገው መንገድ ማሳውን ለሁለት ከፈለው። አጎቴ ሲያርስ መንገዱ ዳር ይደርሳል። በሬዎቹን ያቆማል፤ ማረሻውን ከመሬት ነቅሎ ይሸከምና ይሻገራል፤ ከዚያ ማዶ እንደገና ይጀምራል። በቀን ስንቴ እንደሆነ እንጃ። ካሳ የተሰጠው ለተወሰደችው ቁራሽ ብቻ ነው፤ ለዚህ ልፋት የቆጠረለት የለም። ማታ ደግሞ አክስቴ በኩበት ታበስላለች። ሽቦው በላያቸው ያልፋል።

"ሲጀመር ማን ጠየቃችሁ?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አጎቴ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ ግን የተጠራው ሊነገረው እንጂ ሊጠየቅ አልነበረም። መንገዱ በማሳው ድንበር በኩል ይሂድ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ቦታውን ራሱ ያሳያቸው ነበር።

ጅማ የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ያደርኩበት ሆቴል ለ900 ብር ጥሩ ነገር የለውም። ማታ ሁለት ሰዓት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ መስኮቴ ሥር ነበር፤ ሽታውም ጩኸቱም እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አላስተኛኝም። ያን የሚያህል ውሃ ቀን በዓይኔ አይቼ መጥቼ በናፍጣ ጭስ ማደሬ በጣም አበሳጨኝ።

ጠዋት ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየሁ። እንጨት ሥራው ያምራል። ከኮረብታው ላይ ግን ዓይኔ የሄደው ወደ ጭሱ ነው። ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። እኛ ጋ ጭስ እንዲህ ቆሞ አያውቅም።

ከሰዓት አዛውንቱ እንደጠሩኝ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። ወሩ ኅዳር ነው፣ ቡና የሚለቀምበት። ጓሮው ውስጥ በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቀይ ቡና ልጅቷ በመዳፏ ታገላብጣለች። የተበላሸውን እየለቀመች ወደ ጎን ትጥላለች። ዓይኗ አይስትም። ቡናው በጨው ነው የቀረበልኝ። የመጀመሪያውን ስኒ በግድ ጠጣሁ፣ ሦስተኛውን ግን ጠይቄ ነው ያስቀዳሁት።

ስነሳ አዛውንቱ በፌስታል የታሰረ ደረቅ ቡና ሰጡኝ። ኪሴ ልከተው ስል እጄን ያዙኝ።

"ላንተ አይደለም" አሉ። "ማረሻውን እየተሸከመ ለሚሻገረው አጎትህ ስጥልኝ።"